ገዢ ያመሰገነው ጊታር

ፈቲያ በንግድ ዘመኗ አንድ ጊዜ ብቻ ሆን ብላ ከስራለች። አሥር ሺህ ብር የሚያወጣ ጊታር በሦስት መቶ ብር ሸጠች፤ ያውም ዋጋውን እያወቀች፣ ያውም ደስ እያላት።

ጊዜው 2008 ዓ.ም. ነው፤ በማስተር ፕላኑ ሰበብ መንገድ የሚዘጋበት፣ ጎማ የሚቃጠልበት ሰሞን። ዓለም ገና ላይ ግማሹ ሱቅ ተከርችሞ ሳለ የፈቲያ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ክፍት ነበር። ወንድሟ ከድሩ ሰበታ ሆኖ በየቀኑ ይደውላል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝጊና ቤትሽ ግቢ አላልኩሽም?»

«ሱቁ የኔ፣ ቁልፉ የኔ። ሲመሽ እዘጋለሁ።»

«ድንጋይ ቢወረወርብሽስ?»

«አንስቼ እሸጠዋለሁ። አሮጌ ዕቃ አይደል የምሸጠው?»

አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንም ዝጊ ስላላት ዘግታ አታውቅም።

ጊታሩን ያመጣላት አንድ ባለጋሪ ነበር። በዚያ ሰሞን ብዙ ተከራይ ቤቱን ቆልፎ ለቀናት ወደ አዲስ አበባ ሸሽቷል፤ አንዳንዱም ዕቃውን እየሸጠ ጨርሶ ለቋል። ባለጋሪው «የለቀቁ ሰዎች ናቸው የሸጡልኝ» አላት። አምስት መቶ ብር ሰጥታው ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። አንድ ሁለት ጎረምሶች ሞክረውት፣ «ክሩ የተምታታ ነው፤ ያሰረው ሰው አያውቅበትም» ብለው መለሱላት።

ማክሰኞ አንድ ሰው ገባ። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ሸሚዙ ንጹሕ፣ ጫማው አቧራ የጠጣ። ወዲያ ወዲህ ሳይል በቀጥታ ጊታሩን አወረደ።

«ስንት ነው?»

«ሺህ አምስት መቶ።»

ፈቲያ ለክርክር ተዘጋጀች። የአሮጌ ዕቃ ገዢ ወጉ ይታወቃል፤ ያጣጥላል። ይሄ ተሰብሯል፣ ይሄ ዝጓል፣ ላንቺ ብዬ ነው እንጂ ይላል። አባቷ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «የሚያጣጥል ይገዛል፤ የሚያመሰግን ግን ወይ ሞኝ ነው ወይ ሌባ» ይሏት ነበር።

ሰውየው አመሰገነ።

«እህቴ፣ ይሄ አሥር ሺህ ያወጣል። ነይ እይ። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች ቀጥሏል። ኮምፔርሳቶ ቢሆን ንብብሩ ይታይ ነበር፤ ይሄ ወጥ እንጨት ነው።» ክሮቹ ያረፉበትን ነጭ ነገር በጥፍሩ መታ መታ አደረገ። «አጥንት ነው፤ ፕላስቲክ አይደለም። ቫርኒሹ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀው በዕድሜ ነው፤ አርባ ሃምሳ ዓመት አለው። እንጨት ሲያረጅ ድምፁ ይከፈታል።»

ከዚያ ሳይገለብጠው፣ «ጀርባው ላይ ስንጥቅ አለ። ጥገናው ግን ጥሩ ነው» አለ።

አንገቱን በቀኝ እጁ ጨብጦ አንዴ ብቻ ክሩን መታው። ፈቲያ ለሙዚቃ ደንታ ኖሯት አያውቅም። ያን ጊዜ ግን የምትወለውለው ብርጭቆ እጇ ላይ ቆመ።

«ታዲያ ለምን ትነግረኛለህ? ሺህ አምስት መቶህን ከፍለህ አትሄድም?»

«ዛሬ አልያዝኩም። አርብ እስክመጣ ለሌላ ሰው በርካሽ እንዳትሸጪብኝ ብዬ ነው።»

እንዳትሸጪብኝ! ይህችን ቃል ይዛ ቀረች። እንዳትሸጪው ቢል ደግ። «ብኝ» ምን አመጣው? ገና ሳይከፍል የራሱ አደረገው!

ረቡዕ በሱቁ በር አለፈ። ሐሙስም አለፈ። አይገባም፤ ግድግዳውን አይቶ ይሄዳል። ፈቲያ አባቷን አስታወሰችና በሩ ላይ ሁለተኛ ጓጉንቸር ጨመረች።

አርብ መንገዱ ተከፈተ። ወደ ጅማ የሚሄዱ የጭነት መኪናዎች ሱቁ ፊት ለፊት ተሰልፈው ይጎተታሉ። ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ ገባና የተጨማደደ ብር በግራ እጁ ዘረጋላት።

«ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ነው። ያለኝ ይኸው ነው።»

«በግራህ? ለማኝ መሰልኩህ?»

ደንግጦ እጁን ቀየረ። «ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ…»

«ልማድ! ሦስት ቀን ሱቄን ስታጠና ከረምክ። ‹እንዳትሸጪብኝ› አልከኝ። ምንህ ነው? የአባትህ ነው?»

በር ላይ የቆሙ ወጣቶች ዞረው አዩ። ሰውየው እነሱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ በእናትሽ፣ ቀስ ብለሽ።»

«ምን ቀስ እላለሁ? በገዛ ሱቄ! ላንተ በሚሊዮንም አልሸጥም!»

ጊታሩን ከግድግዳው አውርዳ አስፋልት ዳር ወጣች።

«ሹፌር! ሦስት መቶ ብር! ጅማ ድረስ ያጫውትሃል!»

ሹፌሩ ሳቀ፤ ብሩን ወርወር አድርጎ ጊታሩን በመስኮት ተቀበላት። ወጣቶቹ አፏጩላት። ሰውየው ብሩን እንደጨበጠ መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ቆሞ አየ። ከዚያ «ደህና ዋይ፣ እህቴ» ብሏት ሄደ። ፈቲያ ኮራች፤ የናቃትን ሰው አሳየችው።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሱቁ ጀርባ ቤት የሚያከራዩት ሽማግሌ ኦቦ ነገሳ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ።

«አካም ኦልቴ፣ ፈቲያ?»

«ነጋ፣ ኦቦ፤ ሰላም ነው። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ተከራዬ ስምዖን ጊታሩን ወሰደ? ‹ከቤቴ የተሰረቀ ነው ብዬ ካወራሁ በዚህ ሰሞን ወጣቶቹ ሱቋን ያቃጥሉባታል፤ ዝም ብዬ ልግዛው› ብሎ እኮ ነው ሳምንቱን ሙሉ ብር ሲለቃቅም የሰነበተው።»

ፈቲያን ይቅር በሏት።