ጋሽ ቱሪናፋ አልሞትም አለ

ጣና ሐይቅን ለሰርግ ተውሶ፣ አንድ ጠብታ ሳያጎድል በአህያ ጭኖ የመለሰው፣ በስክሪን ለልጆች ወሬ የሚያወራው ጋሽ ቱሪናፋ ማክሰኞ ተቀበረ። በዚያ ዘመን ግን የስክሪን ሰው መሞት አይፈቀድለትም ነበርና፣ መልኩንና ድምፁን ማሽን ተረክቦለት ረቡዕ በምሳ ሰዓት እንደ ልማዱ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ቦግ ብሎ አፉን ከፈተ።

"ጉርሻዬስ፣ ኤልዳንዬ?"

የሰባት ዓመቷ ኤልዳና ጠቅልላ አጎረሰችው። ሽሮው ግድግዳውን ይዞ ወረደ። በየቀኑ እየሳቀች ትወለውለው የነበረችው እናቷ መክሊት ዛሬ ጨርቁን ማንሳት አቃታት።

"ልጄ፣ ጋሽ ቱሪናፋ እኮ ሞቷል።"

"ውሸትሽን ነው! ይኸው እየሳቀ አይደል እንዴ?"

የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነበር፤ አንድም ያለቀሰለት የለም። መክሊት ወንበሮች ላይ አንሶላ ወጥራ ድንኳን ሠራች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሥሩ ተቀመጠች። የቀትሩ ብርሃን በአንሶላው ውስጥ እንደ ወተት ፈሰሰ።

"ለቅሶ ቤት ስለ ሟች ይወራል። በይ አንቺ ጀምሪ።"

ኤልዳና ጨዋታ መስሏት ገባችና የጣናን ወሬ ጀመረች።

"ሐይቁ አህያዋ ጀርባ ላይ ተኝቶ፣ ዓሦቹ እያንኮራፉ..."

ጋሽ ቱሪናፋ ከግድግዳው ላይ ተቀብሏት ቀጠለ።

"እኔ ነኝ የማወራው! ዝም በል!" አለችው ኤልዳና።

ወዲያው ዝም አለ። ትእዛዝ እንደሚጠብቅ አስተናጋጅ ፈገግ ብሎ ቆመ።

ኤልዳና ብዙ ጠበቀችው። ጋሽ ቱሪናፋ ዝም በል ሲሉት ጭራሽ የሚብስበት ሰው ነበር፤ ልጆቹም የሚወዱት ለዚሁ ነው።

"እማ" አለች፣ "እሱ ቢሆን እኮ እምቢ ይል ነበር።"

እንባዋም ያን ጊዜ መጣ።