የቢሺራ ኩስኩስ

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ የቶዘር ፀሐይ ምላሴን እንደ ተምር ታድርቀው!

በዚህችው የቱኒዚያ በረሃ ከተማ ያለው የሳተላይት ጣቢያ ሾፌር ነኝ። ሳተላይቶቻችን ሰማይ ላይ እየበረሩ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ አንዷ ከአድማስ ስትጠልቅ የጀመረችውን ሥራ ለተከታይዋ ታስረክባለች። ኢንጂነር ዳሊላ በአክስቶቿ ስም ነው የምትጠራቸው። ቢሺራ የተባለችው አርጅታ ስትወድቅ እዚያው ሰማይ ላይ ተቃጠለች። እኔም ለቀልድ፣ በአገራችን ለሞተ ሰው እንደሚደረገው፣ በሦስተኛው ቀን የለቅሶ ኩስኩስ ሠራሁላት፤ እየሳቅን በላነው።

በማግስቱ ዳሊላ ጮኸች።

"ኑሪ! ና ወዲህ!"

ስክሪኑ ላይ ሌላዋ ሳተላይት ዘይነብ ስትጠልቅ ሥራዋን ያስረከበችው ለቢሺራ ነበር። ቢሺራም ተረክባ እየሠራች ነው።

"የአንተ ተንኮል ነው አይደል?"

"እመቤቴ ዳሊላ፣ እኔ እኮ የመኪናውን ሬዲዮ እንኳ በጥፊ ነው የምከፍተው!"

"ለብረት ለቅሶ ከተቀመጥክ ጀምሮ ጠርጥሬሃለሁ። እውነቱን ካልተናገርክ ዛሬውኑ ቁልፉን አስረክበህ ትሄዳታለህ።"

"ወላሂ የለሁበትም!"

እጆቼን ወደ ላይ አድርጌ ፊቷ እንድቆም አዘዘችኝና፣ "ማን ነሽ?" ብላ ለቢሺራ ጻፈች።

መልሱ መጣ፦ "ኩስኩሱ ጨው በዝቶበታል።"

ዳሊላ ቀና ብላ እጆቼን አየች። እንደተሰቀሉ ናቸው።

እሺ፣ አንዲት ነገር ጨምሬአለሁ። እየሳቅን በላነው ያልኩት ውሸት ነው፤ ማንም አልቀመሰውም። ከአንቴናው ሥር ትተንላት ገባን። ሳህኑን ላነሳ ስመለስ ተጠርጎ ተበልቶ፣ ማንኪያው በሥርዓት ተቀምጦበት ነበር።