ከገደሉ በላይ ያለው ቤት

«እሱ ያንሸራትታል፤ በዚህ በኩል ርገጪ» ትላለች ዙሀራ፣ የልጅቷን ክንድ ይዛ። ልጅቷ አመስግና ትወርዳለች። ወንዱ ከኋላ ቀርቷል። ዙሀራ ዞር ብላ ስታየው አሁንም ስልኩን ወደ ላይ፣ ወደ እሷ ቤት አዙሮ ይዟል።

ከጅማ መጣን፣ ሸለቆውን ለማየት ነው ብለዋታል። ልጅቷ ልያ፣ ወንዱ ዳጊ ይባላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ የሚመጣ አይጠፋም፤ ተማሪውም ሙሽራውም «መንገዱን አሳዩን» ይላታል፣ እሷም ቡናዋን ማረሙን ትታ ታወርዳቸዋለች። ከሸቤ ከተማ ወዲህ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ወንዙ ጥቁሩን አለት ሲልሰው ኖሮ እንደ ሊጥ አቡክቶታል። አንዳንዱ ጋ ሰው ገብቶ የሚታጠብበት የሚያህል ክብ ጉድጓድ ፈልፍሏል፤ አንዳንዱ ጋ ግድግዳውን ከግራና ከቀኝ አጣሞ ሰማዩን ቀጭን ክር አስመስሎታል። እዚህ የደረሰ ሁሉ መጀመሪያ «ወይኔ!» ይላል፣ ከዚያ ራሱን ፎቶ ያነሳል።

እነዚህ ራሳቸውን አላነሱም።

ዳጊ የሚያነሳው መንገዱን ነው፣ ዛፎቹን ነው። ቅድም የቡና ማሳዋን ሲያቋርጡ እርምጃውን ሲቆጥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታዋለች። አምና እህቷ ሰሊማ ባለችበት መንደር፣ የቡ በሚባለው፣ እንዲሁ ጨዋ የሆኑ ወጣቶች መጥተው ወተት ጠጥተው ሄደዋል። ክረምቱ ሳይወጣ የሰው ማሳ ታጠረ።

«ማዘር፣ ይሄ መሬት የማን ነው?» ይላል ዳጊ።

«የትኛው?»

«ከላይ ያለው ጫካ።»

«ጫካ አይደለም፣ ቡና ነው። የኔ ነው።» ትንሽ ትጠብቅና፣ «ምን ልታደርግበት ነው?»

«ኧረ ምንም! ገርሞኝ ነው።» ይስቃል። ልያ አትስቅም፤ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ትነካካለች።

«ሥራችሁ ምንድን ነው?»

«ተማሪዎች ነን» ይላል ዳጊ።

«ቢሮ ነው የምንሠራው» ትላለች ልያ፣ እኩል።

ዙሀራ አንዱን አይታ ሌላውን ታያለች።

ዳጊ ውሃውን ዘልሎ ከመሀል ያለው ዝርግ ድንጋይ ላይ ይቆማል፤ ልያም ትከተለዋለች። ዙሀራ ከዳር ቀርታ ታያቸዋለች። ዳጊ ከቦርሳው የቀለም ጣሳ ያወጣል፣ ይንጠዋል፣ ድንጋዩ ላይ ቀይ ምልክት ያደርጋል።

ያኔ የወንዙ ድምፅ ይለወጣል።

አብሮት ያልኖረ ሰው አይሰማውም። ዙሀራ ወደ እግሯ ታያለች። ቅድም ጠጠሩ ይታይ የነበረው ውሃ ደፍርሷል፤ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሟል። ከላይ፣ ተራራው ጋ፣ ዘንቧል ማለት ነው። ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ወንዝ ነው፤ በየክረምቱ ሰው ይወስዳል። ቀለሙም፣ ስልኩም፣ የሚቆጥረው ከንፈርም ወርዶ ጎጀብ ወንዝ ይገባል።

ይህን ያሰበችው አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ያንን አንድ ትንፋሽ ግን አስባዋለች።

«ቢሻን ዱፌ!» ብላ ትጮኻለች። «ውሃ መጣ! ውጡ! ኮታ፣ ኑ ወዲህ!»

ልያ ትዘላለች፤ ዙሀራ አንገትጌዋን ይዛ ትስባታለች። ዳጊ ቦርሳውን ሊያነሳ ጎንበስ ይላል። «ተወው!» ትለዋለች ዙሀራ። ቀና ሲል በእሱና በዳሩ መሀል ያለው ውሃ ሰፍቷል። ዙሀራ ሻርፗን ከራሷ መንጥቃ አንዱን ጫፍ እጇ ላይ ትጠመጥማለች፣ ሌላውን ትወረውርለታለች። ይዘላል፤ እስከ ደረቱ ይሰጥማል። ልያ የዙሀራን ወገብ ትይዛለች። ሁለቱ ሴቶች ወደ ኋላ ወድቀው እየተጎተቱ ነው ያወጡት።

ከላይ ያለው አለት ላይ ወጥተው ሲያዩ ዝርጉ ድንጋይ የለም። ቡናማ ውሃ ብቻ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ያገሳል።

«ያ ረቢ» ትላለች ዙሀራ። ሻርፗን ጨምቃ እርጥቡን ትከናነበዋለች።

ልያ ታለቅሳለች። «ተማሪዎች አይደለንም።»

«አውቃለሁ።»

«አለቆቻችን እዚህ የቱሪስት ሎጅ ሊሠሩ ነው። እኛን የላኩን ለክታችሁ ኑ ብለው ነው። መሬቱ ባዶ ነው፣ ሰው አልሰፈረበትም ነው የሚለው ወረቀቱ።»

«ልያ!» ይላል ዳጊ። ከብርዱ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«አራት ልጅ ወልጄበታለሁ» ትላለች ዙሀራ።

ልያ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ በደረቷ ትጠርገዋለች። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ። ሰው እንዳለበት እጽፋለሁ። አሁኑኑ ለቢሮው ሰው ሁሉ እልከዋለሁ።»

የቡ ላይም የሰው ስም ተጽፎ ነበር፤ ከአጥሩ በፊት የመጣው ስም መጻፉ ነው። ዙሀራ ልጅቷን ታያታለች፤ አፍንጫዋን፣ ያበጠ ዓይኗን፣ ሲስቧት የተላጠ ጉልበቷን። ዳጊን ታየዋለች፤ አንገቱን ደፍቷል።

«ዙሀራ አባ ቢያ» ትላለች በመጨረሻ፣ ከወንዙ በላይ ጮክ ብላ። «አባ መጫ ጨምሪበት፣ አያቴን። ባሌ ቲጃኒ፣ አላህ ይርሀመው። አሁን አንብቢልኝ።»

ልያ ታነብላታለች።

«ላኪው። እያየሁ።»

ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ሦስቱ ተከታትለው ይወጣሉ፤ ዙሀራ ከልያ አንድ እርምጃ ኋላ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል። መልእክቱ የሄደው ደጇ ሲደርሱ ነው። ሁለቱ ግድግዳውን ተደግፈው ይንቀጠቀጣሉ። ዙሀራ በሩን ከፍታ ደረቅ ልብስ ልታመጣላቸው ትገባለች። ስልኩን ግን፣ መልእክቱን እንዳይሰርዙት፣ ከልያ እጅ ተቀብላ ይዛው ነው የገባችው።