የፀጉር አስተካካዩ እጅ

ሚስትየው ለእጥበት ያወጣችውን የባሏን ሸሚዝ ስትፈትሽ በኪሱ ውስጥ አራት የልብ መድኃኒት ፍሬዎች አገኘች። በመዳፏ እንደጨበጠቻቸው ወደ ፀጉር ቤቱ ወረደች። ባሏ ደንበኛ አልመጣለትም ነበር፤ መቀስ ይወለውላል።

“መዋጥ ከተውክ ስንት ቀንህ ነው?” አለችው።

“አራት።”

“በድንገት ብታቆመው ልብህ ይብስበታል ሲልህ ሐኪሙ፣ አጠገብህ ነበርኩ። ብቻዬን ልታስቀረኝ ነው?”

መቀሱን አስቀመጠ። “ልቤንስ አረጋግቶልኛል፣ አልዋሽም። እጄን ግን በረዶ አደረገው፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። ስንት ዓመት የላጨሁት ሰው ባለፈው ሳምንት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‘ጋሼ፣ ሬሳ የነካኝ መሰለኝ።’ ሌላ ሙያ የለኝም እኮ።”

ልትቆጣው ነበር የመጣችው፤ ፍሬዎቹን ግን ከመቀሱ አጠገብ አስቀመጠች። ከደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ፀጉሯን ሰብስባ አንገቷን ሰጠችው። “እስቲ ንካኝ።”

አመነታ፤ ከዚያ እጁን ማጅራቷ ላይ አሳረፈ። እንዳትደነግጥ ለራሷ ምላ ነበር፤ ትከሻዋ ግን ሳታስበው ዘለለ። እጁን ሊያነሳ ሲል በሁለት እጆቿ ይዛ እዚያው አስቀረችው። ቆይቶ መዳፉ ከገላዋ ሙቀት እየወሰደ ለስለስ አለ።

“እውነትህን ነው፣ ይቀዘቅዛል” አለችው። “ግን ይህን ለሐኪሙ ነበር መንገር። መጠኑን ይቀንስልህ፣ ሌላ ይቀይርልህ እሱ ያውቃል። አሁኑኑ እንሂድ።”

“ደንበኛ ቢመጣስ?”

“ጢሙን እያሳደገ ይጠብቃላ።”

ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ጋወኑን አውልቆ ሰቀለና በሩን ቆለፈ።