መቶ ሃያ ኪሎ

ከጤና ጣቢያ የመጣችው ባለሙያ የሸክም አነሳስ አስተምራ ስትጨርስ፣ የደምበጫው እህል ነጋዴ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሮ፣ «ሰማችሁ? አለበል ወገቡ ተሰብሮ የተኛው አነሳስ ስላላወቀ ነው» አላቸው።

የተሸካሚው የምናለ ደም ፈላ። ከአለበል ጋር ዐሥራ ሁለት ዓመት አብረው ተሸክመዋል። በቆሎ የታጨቀበትን ጆንያ ጎትቶ ሴትዮዋ ፊት አቆመና፣ «እስቲ እህቴ፣ በዚህ አሳዪን» አላት። ጉልበቷን አጥፋ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ ጆንያውን ወደ ደረቷ አስጠግታ ታገለች፤ ንቅንቅ አላለም።

«ስንት ኪሎ ነው?»

«መቶ ሃያ።»

«ይህንንማ እንዴትም ቢያነሱት ወገብ ይሰብራል!» ብላ ነጋዴው ላይ ጮኸች።

«አባቶቻቸውም እንዲሁ ነው የተሸከሙት» አለ ነጋዴው።

ምናለ ካራውን መዝዞ የጆንያውን ስፌት ተረተረና በቆሎውን ለሁለት ማካፈል ጀመረ። ሌሎቹም ባዶ ጆንያ እየያዙ መጡ።