ሰባተኛው ጠጅ ቤት

ከቱሪዝም ቢሮ የተላከው ባለሙያ ሸለቆውን «የጠጅ ሸለቆ» ብሎ ለመመዝገብ ሰባት ጠማቂዎች ቤት ገብቶ መጠጣት ነበረበት። ከተመዘገበ አስፋልት ይገባለታል፤ ሰባቱ ካልሞሉ ግን ምዝገባም መንገድም የለም። ስለዚህ የሸለቆው ሰው ሁሉ፣ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጀምሮ፣ ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል።

ስድስቱን ቤት በደህና አለፈ። በየቤቱ ቋንጣና ዳጣ ቀረበለት፤ በየቤቱም ጠማቂዋ እንደ ደንቡ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና፣ መርዝ እንደሌለበት አሳይታ ብርሌውን ሰጠችው።

በሰባተኛው ቤት አሮጊቷ እትዬ ስንዱ ሳይቀምሱ አቀበሉት።

ብርሌውን እንደያዘ ቀረ። «እማማ፣ አልቀመሱትም እኮ።»

«እኔ ጠጅ አይስማማኝም፣ ልጄ። ጨጓራዬን ያመኛል።»

«ታዲያ ሌላ ሰው ይቅመስልኝ።»

«የሚቀምሱልኝማ ጎረቤቴ ጋሽ ወንድይራድ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እምቢ ብለውኝ አያውቁም።»

«እና ይጥሯቸዋ!»

«ዛሬ አርባቸው ነው» አሉ እትዬ ስንዱ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ይኸኛውንም የቀመሱት እሳቸው ናቸው። በጣም ወደውት ነበር።»

ባለሙያው ወደ ኋላው ዞረ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ዓይኑን የሚያይ ጠፋ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የምዝገባውን ቅጽ ከነእስክሪብቶው በሁለት እጃቸው አቀረቡለት።

«እንግዲያው ጌታዬ፣ አስቀድመው ይፈርሙልንና ይጠጣሉ።»