ሦስተኛው ቀለበት

ታላቅ ወንድሜ ቀዩን ከአረንጓዴው አይለይም ነበር። አባታችን ግን የሬዲዮ መጠገኛ ሱቁን ለእሱ አወረሰው፤ እኔ ዓይን ሆኜለት ቀረሁ። ሬዚስተር፣ ያችን ኤሌክትሪክ የምታግድ ትንሽ ዕቃ፣ ባነሳ ቁጥር፣ “እስቲ አንብብልኝ” ይለኛል። የማገድ አቅሟን የሚናገሩትን የቀለም ቀለበቶች አነብለታለሁ፤ እሱም ሳይጠራጠር ይበይዳል።

አንድ ቀን ደንበኛ ፊት ወደ እኔ እያመለከተ፣ “ይሄ ከዓይኑ በቀር ምኑም አይረባም” አለ። ቂሜን ዋጥ አድርጌ አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ አንድ የድምፅ ማጉያ ሲጠግን የሬዚስተሩን ሦስተኛ ቀለበት አረንጓዴ ነው አልኩት። ቡናማ ነበር። እንዲህ ያለው ሬዚስተር ኤሌክትሪኩን ከሚፈለገው አሥር ሺህ ጊዜ ባነሰ አቅም ነው የሚያግደው። ወንድሜ ማጉያውን ሰክቶ ብረት አካሉን ነካ፤ ኤሌክትሪኩ ጣለው። አልተነሳም።

ሱቁ የእኔ ሆነ።

ዛሬ ከምሳ በፊት አንድ ማጉያ ከፍቼ ሬዚስተር አነሳሁ። ቀለበቶቹ ሁሉ አመድ መሰሉ። መነጽሬን ወለወልኩ። የሬዚስተሮቹን ሳጥን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት፤ አንድም ቀለም ያለው የለም። የሱቁ በር ግን እንደወትሮው አረንጓዴ ነው።

ከአጠገቤ፣ ከሟቹ ወንድሜ ባዶ ወንበር፣ ረጋ ያለ ድምፅ መጣ።

“ወንድሜ፣ አምጣው፤ ዛሬ እኔ ላንብብልህ። ቀይ። ቀይ። አረንጓዴ።”

እጄ ሳላዘው መበየድ ጀመረ።